ሳማን ከአስተናግር ለይቶ መብላት

ጥያቄ፦ የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። እናቴ በክረምት ከአጥራችን ሥር የሚበቅለውን ሳማ ለቅማ ለጾም ወጥ ትሠራው ነበር። እኔ ግን አጠገቡ አስተናግር ስለማይጠፋ መልቀሙን እፈራለሁ። እንዴት ልለያቸው?

መልስ፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው። የአገራችን ሳማ በሳይንሳዊ ስሙ ኡርቲካ ሲመንሲስ የሚባለው በጎረቤትዎ በስሜን ተራሮች ስም ነው፤ ቅጠሎቹ በግንዱ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይበቅላሉ፣ ጠርዛቸው እንደ መጋዝ የተጠረሰ ነው፣ ግንዱም ቅጠሉም በሚለበልብ ፀጉር የተሸፈነ ነው። አስተናግር ግን አይለበልብም፤ ቅጠሉ ሰፊ ሆኖ ሲታሽ ይከረፋል፣ አበባው የመለከት ቅርጽ አለው፣ ፍሬውም እሾሃማ ነው። የሳማ መለብለብ ሲቀቀል ይጠፋል፤ የአስተናግር መርዝ ግን በመቀቀል ስለማይጠፋ፣ ሁለቱ ተጠላልፈው ከበቀሉበት ቦታ ጨርሶ አለመልቀም ይሻላል።

እጅዎን በጓንት ወይም በፌስታል ሸፍነው፣ ካላበበው ሳማ ጫፍ ጫፉን ለጋውን ብቻ ይልቀሙ። ከመንገድ ዳርና ከፍሳሽ አጠገብ የበቀለውን ይተዉት። ደጋግመው አጥበው፣ በደንብ ቀቅለውና ፈጭተው፣ ጥቂት ዱቄት ጨምረው በማማሰያ እያማሰሉ ይሥሩት። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ቤተሰብ ካለ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።