ሰይፉን መጨረሻ ላይ ግዛ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጀርመን ነው የምትኖረው። በሚቀጥለው በጋ የመካከለኛው ዘመን ትርኢት ላይ ከአንድ ቡድን ጋር ልትሰለፍ ነው። 1,500 ዩሮ አጠራቅመሃል። «ከሰይፍ ልጀምር ወይስ ከጥሩር? ደግሞስ ጥቁር ሰው የድሮ ፈረንጅ ጦረኛ ሆኖ ቢቆም ሰው አይስቅም ወይ?» ብለሃል። እኔ እዚሁ ጀርመን ዘጠኝ ዓመት በዚህ ነገር ውስጥ ቆይቻለሁ፣ የማውቀውን ልንገርህ። ረዘም ስለሚል ታገሠኝ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከሁለተኛው ጥያቄህ ልነሳ። እዚሁ ጀርመን፣ ማግደቡርግ ከተማ ካቴድራል ውስጥ የቅዱስ ሞሪስ ሐውልት አለ፤ የሮማ ጦር አዛዥ ነበር የሚባልለት ሰማዕት ነው። በ1240ዎቹ አካባቢ ከድንጋይ የተቀረጸ ነው። ፊቱ የጥቁር አፍሪካዊ ፊት ነው፤ አፍንጫው፣ ከንፈሩ፣ የቀለሙ ቅሪት ሳይቀር። በሰውነቱ ላይ ረጅም ጥሩር፣ ማለትም ከተጠላለፉ የብረት ቀለበቶች የተሠራ ልብስ፣ አለ። በጥሩሩ ላይ ደግሞ ከውስጥ የብረት ላሜራ የተመታበት እጅጌ የሌለው ልብስ ደርቧል፤ የሪቬቶቹ፣ ማለትም ላሜራውን ከጨርቁ ጋር የሚያያይዙት ምስማሮች፣ ራሶች ተደርድረው ይታያሉ። የዚህ ዓይነቱን የላሜራ ልብስ ከሚያሳዩን የመጀመሪያዎቹ ምስሎች አንዱ ይህ ነው። አንተ ልትለብሰው የምትፈልገው ነገር ከየት እንደመጣ ማጥናት የፈለገ ሰው ሁሉ እዚህ ሐውልት ፊት መቆሙ አይቀርም። እኔ ቆሜ ቀና ብዬ ሳየው ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። ስለዚህ ይሄ ጉዳይ አያሳስብህ።

አሁን ወደ ዕቃው። ሳንቲም ከማውጣትህ በፊት ሦስት ነገር ወስን፦ ዓመቱ፣ ቦታው፣ ሰውየው ማን እንደሆነ። «መካከለኛው ዘመን» ከተባለ ወደ ሺህ ዓመት ነው። በ1250 የነበረ ወታደርና በ1450 የነበረ ወታደር አለባበሳቸው አይገናኝም። ብዙ ጀማሪ ያማረውን ሁሉ ይለቅምና የአንዱን ዘመን ቁር (የራስ ብረት) ከሌላው ዘመን ሰይፍ ጋር አድርጎ ይመጣል። እያንዳንዱ ዕቃ ለብቻው ጥሩ ሊሆን ይችላል። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን የማንም ሰው ልብስ አይደሉም።

እኔ የመረጥኩት 1360 አካባቢ የነበረ ተራ እግረኛ ነው። ባላባት አልሆንኩም። ምክንያቱ ማስረጃው ነው። ሐምሌ መጨረሻ 1361 የዴንማርኩ ንጉሥ ቫልዴማር ጎትላንድ ደሴት ላይ ወረደ። የደሴቱ ገበሬዎች ከቪስቢ ከተማ ቅጥር ውጭ ገጠሙትና አለቁ። ሬሳቸው ከነልብሱ በጅምላ ጉድጓድ ተቀበረ። በ1905 ቁፋሮ ተጀምሮ እስከ 1930 ድረስ በየጊዜው ሲወጣ ከሺህ በላይ አፅም፣ ሃያ ያህል የላሜራ ልብስ፣ ብዙ የጥሩር ቆብ ተገኘ። አንዳንዱ ልብስ ከጥቂት ትልልቅ ላሜራ የተሠራ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ በመቶ ከሚቆጠሩ ትንንሽ። ስቶክሆልም፣ የስዊድን ታሪክ ሙዚየም ሄደህ ማየት ትችላለህ። ተራ ሰው ምን ለብሶ እንደሞተ እንዲህ በግልጽ የሚነግርህ ቦታ ብዙ የለም።

አንድ ነገር ልብ በል። ከእነዚያ አፅሞች ብዙዎቹ የተቆረጡት ቅልጥማቸው ላይ ነው። ደረታቸው ብረት ነበረው፣ እግራቸው ባዶ ነበር። ከሟቾቹ መካከል ልጅ እግሮችና ሽማግሌዎችም ነበሩ። እኔ ይህን ካነበብኩ በኋላ የእግር ብረት የመግዛት ሐሳቤን ተውኩት። የምወክለው ሰው ስላልነበረው ነው። ታሪክን በትክክል መልበስ ማለት የጎደለውንም መልበስ ነው፣ ለእኔ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ከሥጋህ ወደ ውጭ ነው። መጀመሪያ የሊነን (ከተልባ ክር የተሠራ ጨርቅ) ሸሚዝና የውስጥ ሱሪ፣ ከዚያ ከሱሪው ጋር በገመድ የሚታሰር የሱፍ የእግር ልብስ፣ ከላይ የሱፍ ቀሚስ፣ ቀበቶ፣ ጫማ። ጫማው ተገልብጦ የሚሰፋ ስስ ሶል ያለው ቆዳ ነው። ዘመናዊ ቡት አድርገህ ከመጣህ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው፤ ከሩቅ ያስታውቃል። ልብሱን ራስህ ስፋ። የእኔ እናት «እጅህ መርፌ ይዞ አያውቅም» ብላኝ ነበር፣ አሁን የምለብሰው ሸሚዝ ሦስተኛው የሰፋሁት ነው። ክሩን ሰም ቀባው፣ አይበጠስም።

ከዚያ ጋምቤሶን። ብዙ ሊነን ተደራርቦ፣ ወይም በመሐሉ ጥጥ ገብቶበት የተሰፋ ወፍራም ልብስ ነው። ሰው ይንቀዋል እንጂ ለድሃው ወታደር ዋናው መከላከያ ይሄ ነበር። ብረቱ ስለት ይመልሳል፣ ምቱን ግን የሚውጠው ጨርቁ ነው። ጋምቤሶን ሳትለብስ የብረቱን ልክ አትለካ። ይሄንን በቀይ ቀለም ጻፈው። ብረቱ በጋምቤሶኑ ላይ ነው የሚለካው።

እኔ ተቃራኒውን ነው ያደረግኩት። የመጀመሪያው ግዢዬ ጥሩር ነበር፣ ከአንድ ርካሽ ሻጭ። ቀለበቶቹ ጫፍና ጫፋቸው ተገጣጥሞ እንዲሁ የተተወ ነው፣ ሪቬት የለውም። በሁለተኛው ልምምድ ክንዴን ሳነሳ ብብቴ ሥር ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ቀለበቶቹ እንደ ጤፍ መሬት ላይ ተበትነዋል። ደግሞ ወፍራም ሽቦ ስለነበር ክብደቱ አስራ አምስት ኪሎ ሊሞላ ምንም አልቀረው። የድሮው ጥሩር እያንዳንዱ ቀለበት በአራት ቀለበት ውስጥ ያልፋል፣ ጫፎቹ ጠፍጠፍ ተደርገው ይበሳሉ፣ በትንሽ ሪቬት ይመታሉ። ሰይፍ ቢያርፍበት በቀላሉ አይከፈትም። ስትገዛ አንዱን ቀለበት ወደ ዓይንህ አስጠግተህ እይ። የሪቬቷ ራስ ጎላ ብላ ካልታየችህ ተወው። በአንተ በጀት ደግሞ ጥሩ ጥሩር አይገዛም፣ ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ዝለለው። ጋምቤሶንና የላሜራ ልብስ ለ1361 እግረኛ በቂ ነው።

ጥሩር ስትለብስ ወገብህን በቀበቶ ጠበቅ አድርገህ እሰር፣ ልብሱንም ትንሽ ወደ ላይ ሳብ አድርግ። ግማሹ ክብደት ከትከሻህ ወርዶ ዳሌህ ላይ ያርፋል። ይህን ያሳየኝ አንድ ሽማግሌ ጀርመናዊ ነው። ያንን ቀን ሌላ ሰው የሆንኩ ነው የመሰለኝ።

ቁሩ ላይ አትቆጥብ፣ ከሁሉም ጭንቅላት ይቀድማል። ለዚህ ዘመን ተራ ሰው ባርኔጣ የሚመስለው፣ ዙሪያውን ክፈፍ ያለው የብረት ቁር ይስማማል። ታያለህ፣ ትሰማለህ፣ ትተነፍሳለህ። ዓይንን ብቻ ክፍት ትቶ ፊትን የሚዘጋውን ቁር ለጀማሪ አልመክርም። አንዴ አድርጌው ከአጠገቤ ያለው ሰው የሚለኝ አይሰማኝም ነበር፣ የራሴ ትንፋሽ ብቻ። የላሜራውን ውፍረት ጠይቅ። ቡድንህ የሚፋለም ከሆነ 2 ሚሊ ይሻላል። ውስጡ የተሰፋ የጨርቅ ሽፋን ይኑረው፣ ከሥሩም የታጨቀ ቆብ አድርግ። የራስህን ዙሪያ የምትለካው ያንን ቆብ አድርገህ ነው። እኔ ባዶ ራሴን ለክቼ ያዘዝኩት ቁር ዛሬም መደርደሪያ ላይ ነው።

መሣሪያ ላይ፣ ጦር ግዛ። የዚያ ዘመን እግረኛ እጅ ላይ በብዛት የሚገኘው ጦር ነው። ጥሩ የእንጨት ዘንግና ጫፉ የተደነዘዘ ብረት፣ አለቀ። ከጎንህ ጩቤ ካለህ በቂ ነው።

ሰይፉ ይቆይ። ሲደርስ ግን ክብደቱን ጠይቅ። እውነተኛው የአንድ እጅ ሰይፍ ከ1.1 እስከ 1.4 ኪሎ ገደማ ነው። አምስት ኪሎ ነበር የሚልህን አትስማ፣ እንዲህ ያለ ሰይፍ ይዞ የሚዋጋ ሰው የለም። ብረቱ ከእጀታው ጋ ወፈር ብሎ ወደ ጫፉ መሳሳት አለበት። ከላይ እስከ ታች እኩል ውፍረት ካለው እጅህ ላይ እንደ ዱላ ይከብድሃል። ወደ እጀታው የሚገባው የብረት ጅራት ከሰይፉ ጋር አንድ ወጥ መሆኑን አረጋግጥ። ለግድግዳ ጌጥ የሚሸጡት የማይዝጉ ሰይፎች ላይ ብዙውን ጊዜ ጅራቱ ቀጭን ነው፣ ተበይዶ የተቀጠለም አለ። አንድ ጓደኛችን እንዲህ ዓይነቱን ሲያወዛውዝ ስለቱ ከእጀታው ወጥቶ በረረ። ሰው አለመኖሩ እግዚአብሔር ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ዕቃ ሰው ፊት አትለማመድ፣ እባክህ።

ገንዘቡን እኔ ብሆን እንዲህ እከፍለዋለሁ፦ ለጨርቅ፣ ለክርና ለጫማ 300፣ ለጋምቤሶን 200፣ ለቁር 250፣ ለላሜራ ልብስ 400፣ ለጦርና ለጩቤ 150። የቀረችውን 200 ለጓንትና ላልታሰበ ወጪ አስቀምጥ። የላሜራ ልብሱን ራስህ መሥራት ትችላለህ። ላሜራውን ቆርጠህ፣ ጠርዙን በሞረድ አለስልሰህ፣ በወፍራም ጨርቅ ውስጥ በሪቬት ትመታዋለህ። የእኔ የሁለት ወር ቅዳሜና እሑድ ፈጀብኝ። ጎረቤቶቼ መዶሻውን እስከ ዛሬ ያነሱብኛል፣ ግን ዘለበቱን ከጀርባዬ ሳስረው ልኬ ሆኖ ተቀመጠ።

ዝገት እንዳይበላው ከዝናብ ስትመለስ ያኔውኑ በደረቅ ጨርቅ ጠርገህ ስስ ዘይት ቀባው። ምድር ቤት ውስጥ አታስቀምጥ። ከማዘዝህ በፊት የቡድኑን መሪ የደኅንነት ደንባቸውን ጠይቅ፤ አንዱ የሚፈቅደውን ሌላው ይከለክላል።

ዓመቱንና ቦታውን ስትወስን እዚሁ ጻፍልኝ። ከታጨቀው ቆብ ጋር የለካኸውን የራስ ዙሪያም ጨምርበት፣ መደርደሪያ ላይ ያለው ቁር ምናልባት ላንተ ልክ ይሆናል።