ራስ ሲነቃነቅ ፊደል የማይጠፋው ለምንድን ነው?

ከኮምቦልቻ የጠየቁን ወንድማችን፣ ስልክዎን በእጅዎ ሲያነቃንቁት ጽሑፉ እንደሚደበዝዝ፣ ስልኩን አቁመው ራስዎን ሲያነቃንቁ ግን እንደማይደበዝዝ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን ጥምዝምዝ ቁልቁለት፣ ሐረጎን፣ በሚኒባስ ሲወርዱ ደግሞ ማንበብ ጨርሶ እንደሚያቅትዎ ጽፈው ምክንያቱን ጠይቀዋል። እኔ ደሴ የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ጉዳዩን ለዓመታት ሳስተምረው ብኖርም በደንብ የገባኝ በእኔው ላይ ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው።

ራስዎ ሲዞር ዓይንዎን የሚያረጋጋው በዋናነት ጆሮዎ ነው። በእያንዳንዱ የውስጥ ጆሮ በፈሳሽ የተሞሉ ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎች አሉ። ራስ ሲዞር ፈሳሹ ወደ ኋላ ስለሚቀር ጥቃቅን ፀጉር ያላቸውን የስሜት ሕዋሳት ይነካል፤ መልእክቱም በሦስት የነርቭ ሕዋሳት ቅብብል ብቻ የዓይን ጡንቻዎች ዘንድ ደርሶ፣ ራስ ወደ ቀኝ ሲዞር ዓይን በዚያው ፍጥነት ወደ ግራ እንዲዞር ያደርጋል። ይህ ሁሉ 10 ሚሊሴኮንድ ገደማ ይፈጃል። ስልኩ ሲነቃነቅ ግን ጆሮ የሚያውቀው ነገር ስለሌለ ዓይን አይቶ መከተል አለበት፤ ይህ መንገድ ደግሞ ወደ 100 ሚሊሴኮንድ ስለሚወስድ ፈጣን የእጅ ውዝዋዜ ላይ አይደርስም።

በሐረጎ ጥምዝምዝ ላይ የሚሆነው የዚህ ግልባጭ ነው። ስልኩና ራስዎ ከመኪናው ጋር አብረው ስለሚዞሩ፣ ዓይን ስልኩ ላይ ለመቆየት የጆሮን ትእዛዝ መሻር ይኖርበታል። በዝግታ ሲታጠፉ ይሳካለታል፤ መኪናው ሲንገጫገጭ ግን ፊደሉ ይዘላል። ማቅለሽለሹም ጆሮ መዞርን ሲናገር ዓይን ደግሞ ስልኩን ብቻ እያየ እንደ ቆመ ከመናገሩ የሚመጣ እንደ ሆነ ይታመናል፤ ስለዚህ ስልኩን ኪስ ከትተው ሩቅ ያለውን ተራራ ይመልከቱ።

እኔ ከ20 ዓመት በፊት ለሳንባ ነቀርሳ ስትሬፕቶማይሲን የተባለውን መርፌ ለሁለት ወር ተወጋሁ። መድኃኒቱ የውስጥ ጆሮን የስሜት ሕዋሳት ሊጎዳ ይችላል፤ የሚሰማኝን የሕመሙ ድካም አድርጌ ስለ ቆጠርኩት ለሐኪም ሳልናገር ቆየሁ። ተቀምጬ ደህና ነበርኩ፤ በደሴ ፒያሳ ስራመድ ግን የጦሳ ተራራ ከእርምጃዬ ጋር ከፍ ዝቅ ይል ነበር፤ የሱቅ ታፔላ ማንበብም ሆነ ከፊቴ የሚመጣውን ተማሪዬን መለየት አልችልም ነበር። ተመሳሳይ ጉዳት የደረሰበት አንድ ሐኪም በ1952 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ አልጋው ላይ ሆኖ ሲያነብ የገዛ ልቡ ምት ፊደሉን ስለሚያዘልልበት ራሱን በአልጋው ብረቶች መካከል ይደግፍ እንደ ነበር ገልጿል። ይህን ባነበብኩ ጊዜ፣ እንዳላበድኩ አወቅሁ።

ዶሮ ስትራመድ ራሷን ለምን እንደምትነቀንቅ የጠየቁት እኅትም ጥያቄያቸው ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የዶሮ ዓይን እንደ ሰው ዓይን ብዙ ስለማይንቀሳቀስ ሥራውን አንገቷ ይሠራዋል፤ ራሷን ወደ ፊት ወርወር ታደርግና፣ አካሏ እስኪደርስበት ድረስ ባለበት ታቆየዋለች፤ በዚያች ቅጽበት የምታየው ሁሉ ይረጋላታል። በካናዳ ይሠራ የነበረው ተመራማሪ ባሪ ፍሮስት በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ርግብን በሚሽከረከር መሄጃ ላይ ሲያስኬዳት፣ እግሯ እየሄደ አካባቢዋ ባለበት ስለ ቆመ ራሷን መነቅነቅ ትታለች። በሐረጎ ዳገት የሚግጡት ፍየሎችም የራሳቸው ብልሃት አላቸው፤ አንገታቸውን ደፍተው ሲግጡ እያንዳንዱ ዓይን 50 ዲግሪና ከዚያ በላይ ስለሚሽከረከር፣ አግድም የሆነው የዓይናቸው ብሌን ከመሬት ጋር ትይዩ እንደ ሆነ ይቆያል።

የእኔ ጆሮ አልዳነም፤ ነገር ግን አእምሮዬ በአንገት ስሜትና በትናንሽ የዓይን ዝላዮች ማካካስን ስለ ተማረ ብዙው ተሻሽሎልኛል። መንገድ ላይ ሰው ሰላም ሲለኝ ግን ማንነቱን ለመለየት ዛሬም መቆም ይኖርብኛል፤ ደሴ ደግሞ ቆሞ የቤተሰብ ደኅንነት መጠያየቅ ወግ ስለ ሆነ እስካሁን ማንም አላወቀብኝም።