ጥያቄና መልስ፦ ከአዳማ ተነሥቶ ተራራ ለመውጣት

ክረምቱ ወጥቶ መስኩ ሲደርቅ የሚደርሱን ደብዳቤዎች ስለ ተራራ ይሆናሉ። ለአምስቱ መልስ ሰጥተናል፤ ተመሳሳይ ጥያቄ የላካችሁ አብራችሁ አንብቡ።

«ስምንት ጓደኛሞች ነን። ኅዳር ውስጥ አንድ እሑድ ጭላሎን ወጥተን ማታውኑ አዳማ መግባት እንፈልጋለን። ሌሊት 10 ሰዓት በሚኒባስ ብንነሣ ይበቃናል? ሁላችንም ኳስ ተጫዋቾች ስለሆንን ጉልበት አያሳስበንም።» ከፍራንኮ

ጉልበታችሁ እኛንም አያሳስበንም፤ የሚያሳስበን ሰዓታችሁ ነው። አሰላ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነች 11 ሰዓት ተኩል ላይ ትደርሳላችሁ እንበል። ተራራው ከከተማዋ በስተምሥራቅ ነው። ወደ ግርጌው የሚያስጠጋ መንገድ ስትጠይቁ፣ መሪ ስትጠብቁ፣ ቁርስ ስትሉ ጠዋት 2 ሰዓት ይሞላል። ከዚያ በኋላ ያለውን እንዲህ አስሉት። ጫፉ ከ4,000 ሜትር በጥቂቱ ይበልጣል። መኪናው ያቆመበትን ከፍታ ስልካችሁ ላይ አይታችሁ ከ4,000 ቀንሱ። ያልለመደ ቡድን በሰዓት 300 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። መነሻችሁ 2,700 ከሆነ 1,300 ሜትር ይቀራችኋል፤ ይህም ያለ ዕረፍት ከአራት ሰዓት በላይ፣ ከነዕረፍቱ ወደ ስድስት ሰዓት ነው። በ2 የጀመረ ጫፍ የሚደርሰው 8 ሰዓት ላይ ነው ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ደመናው አናቱን ሸፍኖታል፣ ለመውረድ የቀረው ብርሃንም አራት ሰዓት ብቻ ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት ውጡና አሰላ እደሩ። ከተማዋ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነች ሌሊቱ ሰውነታችሁን ትንሽ ያለማምደዋል። መሪውን ማታ ተነጋግራችሁ ጨርሱ፤ 12 ሰዓት ሲነጋ እግራችሁ መንገድ ላይ ይሁን። 7 ሰዓት ሲሆን የትም ብትደርሱ ተመለሱ፣ ጫፉ መቶ ሜትር ቢቀረውም። ይህን አሰላ ሳላችሁ ተማማሉ፤ ላይ ወጥቶ ስምንት ሰው መከራከር ከጀመረ ግማሽ ሰዓት ያልቃል።

ጭላሎ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። አናቱ ሹል አይደለም፤ በሰፊ ጎድጓዳ ዙሪያ የዞረ ጠርዝ ነው። «ደረስን» ካላችሁበት ጉብታ ጀርባ ሌላ ጉብታ ብቅ ይላል። ጉም ሲወርድ ጠርዙ ሁሉ ይመሳሰልና ብዙ ሰው በማያውቀው ወገን ቁልቁል ይወርዳል። ስትወጡ መንገዱን በስልክ እየመዘገባችሁ ሂዱ፤ ብርድ ባትሪ ስለሚጨርስ ስልኩን ውስጥ ኪስ ውስጥ አድርጉት። ታኬታ ይዛችሁ እንዳትሄዱ፤ ሣር ላይ ቢይዝም ድንጋይ ላይ ያንሸራትታል። ለያንዳንዳችሁ ሦስት ሊትር ውሃ፣ የዝናብ ልብስ፣ የሱፍ ሹራብ፣ ጓንትና ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ያስፈልጋል። ጋቢ ለማደሪያ መልካም ነው፤ ለመንገድ ግን ጥጥ ስለሆነ አንዴ ከረጠበ አይደርቅም፣ ሙቀትም አይሰጥም። ስንቁን ከአሰላ ግዙ፤ ለብርድ አገር ከጭኮ የሚሻል ስንቅ አናውቅም።

«የመሥሪያ ቤታችን ጉብኝት ባለፈው ዓመት በመኪና የባሌ ተራሮች ጫፍ ወደሆነው ቱሉ ዲምቱ ድረስ ሄዶ ግማሹ ሰው ራሱን ታመመ፣ ሁለቱ አስመለሳቸው። አንዳንዱ በምግቡ ያሳብባል። ሐበሻ የደጋ ሰው ስለሆነ ከፍታ አያመውም የሚሉም አሉ። ዘንድሮ አዘጋጇ እኔ ነኝ፤ ምን ላድርግ?» ከቦኩ

ምግቡን ለመለየት ሆድን ይጠይቁ። ተቅማጥና ትኩሳት ከነበረ ምግብ ሊሆን ይችላል። ራስ ምታት ቀድሞ ማቅለሽለሽ፣ ድካምና የምግብ ፍላጎት ማጣት ከተከተለ፣ ሲወርዱም ከቀለለ፣ የከፍታ ሕመም ነው። «የደጋ ሰው» የሚባለውም ለአዳማ አይሠራም። በቆጂ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዳማ ከ1,600 ብዙም አትዘልም። ሩጫ ማዘውተርም ከዚህ ሕመም አያድንም፤ እንዲያውም ጠንካራው ሰው ቀድሞ እየሮጠ ይወጣና ቀድሞ ይታመማል።

ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። እዚያ አንድ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚያስገባው 60 በመቶ ያህል ነው። ሰውነት ይህን የሚለምደው በቀናት ሲሆን መኪና ግን ከጎባ በጥቂት ሰዓት ውስጥ 1,600 ሜትር ያወጣችኋል። መንገዱ እስከ ጫፉ የሚያስኬድ መሆኑ ራሱ ነው ጥፋቱ። በእግር ቢሆን ኖሮ የታመመው ሰው ገና ግማሽ መንገድ ላይ ቁጭ ይል ነበር።

ጉዞውን በሦስት ሌሊት ያዘጋጁት። የመጀመሪያውን ሌሊት ሮቤ ወይም ጎባ እደሩ። በማግሥቱ ዲንሾ፣ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ዘንድ፣ ከ3,000 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ ቀኑን በእግር ተመላልሳችሁ ወደ ጎባ ተመለሱ። ቱሉ ዲምቱን ለሦስተኛው ቀን ጠዋት አቆዩት። ከጫፉ በታች ባለው የሳነቴ አምባ ላይ ከመኪና ወርዳችሁ ግማሽ ሰዓት ቀስ ብላችሁ ተራመዱ፤ ቀይ ቀበሮም የሚታየው ያኔ ነው እንጂ በመኪና መስኮት አይደለም። ጫፍ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ አትቆዩ፣ ለእንቅልፍም ውረዱ። ከፍ ባለ ቦታ ማደር የሚፈልግ ቡድን ከ3,000 ሜትር በላይ በየሌሊቱ የመኝታውን ከፍታ ከ500 ሜትር በላይ መጨመር የለበትም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምሽቶች አልኮል ይቅር።

ተራ ራስ ምታት በዕረፍት፣ በውሃና በፓራሲታሞል ሊያልፍ ይችላል፤ እስኪያልፍ ግን ሰውየው ወደ ላይ አይቀጥል። ሦስት ምልክቶችን ለሾፌሩም ይንገሩት፦ ቁጭ ብሎ ሳለ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ሳሉ አረፋ የቀላቀለ፣ ነገር የሚምታታበት ወይም የሚንገዳገድ። መንገዳገዱን ለማረጋገጥ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት እያስነካ አሥር ርምጃ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ያድርጉት። ካቃተው ወይም ከሦስቱ ምልክቶች አንዱ ከታየበት ሳንባው ወይም አንጎሉ ውሃ እየያዘ ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ወደ ጎባ ይወረዳል፣ ቀጥታም ሐኪም ቤት። «እስኪነጋ እንይ» የሚለው ነው ሰው የሚገድለው።

አሴታዞላሚድ የሚባል መከላከያ አለ። ለአዋቂ የተለመደው መጠን 125 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ ሲሆን ከመውጣት አንድ ቀን ቀድሞ ይጀመራል። የሰልፋ መድኃኒት የማይስማማው፣ የኩላሊት ሕመም ያለበትና ነፍሰ ጡር ሐኪም ሳያማክሩ አይንኩት። ጣት ይነዝራል፣ ሽንት ያመላልሳል፣ የአምቦ ውሃና የለስላሳንም ጣዕም ያበላሻል፤ ይህ አያስደንግጣችሁ።

«ሳነቴ ላይ ድንኳን ተክለን ምስር ወጥ ስንሠራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጥሬ ሆኖ ቀረ። እሳቱ ነው?» ከአዳማ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ

ውሃው ነው። አዳማ ላይ 95 ዲግሪ ግድም የሚፈላው ውሃ እዚያ ወደ 87 ሲደርስ ይፈላል፤ እሳት ቢጨመርበት ይተናል እንጂ አይሞቅም። ፕሬሸር ድስት ያዙ፣ ወይም ምስሩን ከጠዋት ዘፍዝፉ። አለዚያ ሽሮና በሶ ይበቃል። በብርድ የጋዝ እሳት የሚደክም ከሆነ ትንሿን ሲሊንደር ሌሊት መኝታችሁ ውስጥ አሳድሯት።

«ሲያትል ያለው ወንድሜ በግንቦት ልጠይቀው ስሄድ ሬኒየር ተራራን በስኪ (በበረዶ መንሸራተቻ) እንድንወጣ ጋብዞኛል። 4,392 ሜትር ነው አለኝ። እኔ ቱሉ ዲምቱን በእግሬ ወጥቻለሁ፤ ልዩነቱ 15 ሜትር ብቻ ነው። ስኪ ግን ረግጬ አላውቅም።» ከአዳማ

ቁጥሩ ልክ ነው፤ ንጽጽሩን ግን ይተዉት። ቱሉ ዲምቱ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ አናቱ ደረቅ ነው፣ ዙሪያውም ጅብራ ነው። ሬኒየር ግን 47ኛው ዲግሪ አጠገብ ሆኖ ከ25 በላይ ግግር በረዶ ለብሷል። ግግሩ የተሰነጠቀ ነው፤ ስንጥቁን ስስ በረዶ ሸፍኖት ሰው ሲረግጠው ይደረመሳል። ካምፕ ሙየር ከሚባለው ማረፊያ በላይ ፈቃድ፣ ገመድ፣ ከስንጥቅ ሰው የማውጣት ሥልጠናም ይጠይቃል። ጫፉን ለሌላ ዓመት ያቆዩት።

ለእርስዎ የሚሆነው ከመነሻው ከፓራዳይዝ እስከ ካምፕ ሙየር ያለው የበረዶ ሜዳ ነው። ፓራዳይዝ 1,650 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከአዳማ ብዙም አይለይም። ካምፑ 3,100 ላይ ነው፤ ርቀቱ በአንድ ወገን 7 ኪሎ ሜትር ያህል። ይህም ቢሆን አስቀድሞ ሊፍት ባለው የስኪ መማሪያ ቦታ ካልሠለጠኑ አይሞከርም። መካከለኛ ቁልቁለት ላይ ወደ ግራም ወደ ቀኝም መታጠፍና በፈለጉበት መቆም እስኪችሉ ድረስ ወንድምዎ ቢለምንዎትም አይሂዱ።

አወጣጡ እንዲህ ነው። ስኪው ሥር ወደ ፊት የሚያንሸራትት፣ ወደ ኋላ ግን የሚይዝ ፀጉራም ጨርቅ በማጣበቂያ ይለጠፋል፤ ተረከዝ ይለቀቃል፣ ጫማው በመራመጃ ላይ ይደረጋል። እግርዎን አያንሡ፣ ስኪውን ይግፉት። ጀማሪ የሚደክመው በየርምጃው ስለሚያነሣው ነው። ጨርቁ ሲነሣ ማጣበቂያው በረዶ እንዳይነካው ፊት ለፊት አጣጥፈው ጃኬትዎ ውስጥ ይክተቱት፤ ከረጠበ አይጣበቅም። ጠዋት በረዶው እንደ ድንጋይ ሲጠጥር ጨርቁ ብቻውን ስለማይይዝ ስኪው ላይ የሚገጠም የብረት ጥርስ ያስፈልጋል። ከመውረድዎ በፊት ተረከዙንም ጫማውንም ይቆልፉ፤ ጫማውን ረስቶ የሚወርድ የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ይወድቃል።

በግንቦት ሰዓቱን የሚወስነው ፀሐይ ነው። ሌሊት የረጋው በረዶ ላዩ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ሲለሰልስ ለመውረድ ምርጥ ይሆናል። እግር እስከ ቁርጭምጭሚት መስጠም ሲጀምር ግን ተዳፋቱ ለበረዶ ናዳ ደርሷል፤ እኩለ ቀን ሳይደርስ ታች መገኘት ይሻላል። ናዳ የሚበዛው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘነብል ቦታ ነው፤ ዝንባሌውን ስልክ ይለካል። የሰሜን ምዕራብ አሜሪካ የናዳ ማዕከል ከ1 እስከ 5 ደረጃ የሚሰጥበት ትንበያ በዚያ ወቅት ካለ ያንብቡ፤ 3 ካለ ለጀማሪ በቂ የመቅሪያ ምክንያት ነው። ሁለታችሁም በረዶ ሥር የተቀበረን ሰው ለማግኘት በ457 ኪሎ ኸርዝ የሚሠራ ምልክት ሰጪ፣ መፈለጊያ ዘንግና አካፋ ያዙ። መሣሪያው መኪና ማቆሚያው ላይ ይበራል፣ ይፈተሻል፤ መሣሪያው ምልክት ሲያስተላልፍ ስልክ በ20፣ ሲፈልግ በ50 ሳንቲ ሜትር ይራቅለት። የተቀበረ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚተርፈው በመጀመሪያዎቹ 10 ወይም 15 ደቂቃዎች ከወጣ ስለሆነ የሚያድንዎት አብሮዎት ያለው ሰው ብቻ ነው። ወንድምዎ አካፋ አያስፈልግም ካለ ጉዞው ይቅር።

እዚህ ሜዳ ላይ ከናዳ ይልቅ ጉም ይከፋል። ሰማይና በረዶ አንድ ነጭ ይሆኑና የሚወርድ ሰው ሳያውቀው በምዕራብ ወደ ኒስኳሊ፣ በምሥራቅ ወደ ፓራዳይዝ ግግር ያዘነብላል። የመንገዱን ምዝግብ በስልክ፣ አቅጣጫውን በኮምፓስ ይያዙ፤ ጉም ከታች ሲነሣ ካዩ ካምፑ ሳይደርሱ ይመለሱ። ጥቁር መነጽርም አይቀርም፤ ትኩስ በረዶ እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን የፀሐይ ጨረር ወደ ላይ ስለሚመልስ ቅባቱን አገጭዎ ሥርና አፍንጫዎ ቀዳዳ ድረስ ይቀቡ። ሲያትል ባሕር ጠረፍ ላይ ናት፤ ሁለት ሳምንት ከቆዩ አዳማ የሰጠችዎት መላመድም ይቀንሳል፣ ርምጃዎን ያዝግሙ።

«ባሌ ወይም ራስ ደጀን ላይ ስኪ መጫወት ይቻላል?» ከአሰላ

አይቻልም። በረዶ አልፎ አልፎ ይጥላል፤ ፀሐይ ስትወጣ ግን ይሟሟል። በጥንቱ የበረዶ ዘመን ባሌና የአርሲ ባዳ ተራራ ግግር በረዶ ነበራቸው፤ ዛሬ የቀረው ግግሩ የጠረበው አለትና የተወው ኮረት ነው። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 እ.ኤ.አ. ቶሪኖ ላይ በአገር አቋራጭ ስኪ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ የመጀመሪያው የክረምት ኦሊምፒክ ተወዳዳሪያችን ሆኗል፤ በ2010ም ቫንኩቨር ተመልሷል። የዚህ ዓይነት ስኪ ተወዳዳሪዎች በረዶ በሌለበት ወቅት የሚለማመዱት ጎማ ባለው ስኪ አስፋልት ላይ ነው። ያ አሰላም ይሠራል፤ ግን ፍሬን ስለሌለው ዳገቱን እንጂ ቁልቁለቱን አይሞክሩት።