ለልጆች የሚሰጠው የመንግሥት ገንዘብ በባሕር ዳር የት ይመዘገባል? ለሚለው ጥያቄ

ጠያቂዋ እህታችን ባሕር ዳር ውስጥ በቀን ሥራ ሦስት ልጆች እንደሚያሳድጉ፣ ሊቦ ከምከም ያለችው እህታቸው ግን ካረገዘች ጀምሮ ሥራ ሳትወጣ ገንዘብ እንደምትቀበል ገልጸው፣ ለልጆች የሚሰጠው ብር እዚህ የት እንደሚመዘገብ ጠይቀዋል። አንድ ሰውም «ትንሽ ከከፈሉኝ አስመዘግብዎታለሁ» እንዳላቸው ጨምረዋል። በሰፈራችን የተጠቃሚ መረጣ ኮሚቴ ውስጥ ስላገለገልኩ የማውቀውን ልጻፍልዎ።

ከሁሉ አስቀድሞ ለዚያ ሰው ምንም እንዳይከፍሉ። ምዝገባው በነጻ ነው።

በአገራችን በልጅ ስም ብቻ ለየቤቱ በቋሚነት የሚከፈል የመንግሥት ገንዘብ የለም። ድጋፉ የሚሰጠው ለቤተሰብ ሲሆን ልጆችም የሚደርሳቸው በዚያው በኩል ነው። እህትዎ የምትቀበለው በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረው የገጠር ልማታዊ ሴፍቲኔት ይመስለኛል፤ በዚያ ፕሮግራም የታቀፉ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ከጉልበት ሥራ ተነስተው ክፍያቸው ይቀጥላል። እርስዎን የሚመለከተው ግን የከተማው ልማታዊ ሴፍቲኔት ነው። ይህ ፕሮግራም በ11 ከተሞች ሲጀመር ከክልላችን የተካተተችው ደሴ ነበረች፤ ባሕር ዳር የገባችው በሁለተኛው ምዕራፍ ነው። መሥራት የሚችል ሰው ያለው ቤተሰብ በጽዳት፣ በአረንጓዴ ልማትና በመሳሰለው የአካባቢ ልማት ሥራ እየተሳተፈ ይከፈለዋል፤ ከክፍያውም 20 በመቶውን ይቆጥባል። ሠርቶ የሚያድር ሰው የሌለበት የአረጋውያን፣ የአካል ጉዳተኞች ወይም የጽኑ ሕሙማን ቤት ደግሞ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል።

ልጆችዎን በተመለከተ ትልቁ ነገር የቤተሰብ ብዛት የሚሞላበት ቅጽ ነው። ክፍያው የሚሰላው በቤተሰብ አባላት ቁጥር፣ እስከተወሰነ ጣሪያ ድረስ ስለሆነ፣ በቅጹ ላይ ያልሰፈረ ልጅ ለፕሮግራሙ እንደሌለ ይቆጠራል። በኮሚቴው ሳለሁ ሁለት ወላጅ አልባ የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አንዲት እናት ገጠሙን። ልጆቹ የልደት ምዝገባም ሆነ በቤተሰብ መዝገቡ ላይ ስም ስላልነበራቸው መረጃ ሰብሳቢው ሴትየዋን ብቻቸውን እንደሚኖሩ አድርጎ ሞላቸው፤ የተወሰነላቸውም የአንድ ሰው ድጋፍ ነበር። ሁለቱ ልጆች ግን የሴትየዋ ስም በተጠራበት ስብሰባ ላይ አጠገባቸው ተቀምጠው ነበር፤ ትንሹም የነጠላቸውን ጫፍ ይዞ ነበር። ጎረቤቶች ተነስተው መሰከሩና ቅጹ ተስተካከለ። ጎረቤት ባይናገር ኖሮ በዚያው ያልፍ ነበር። ስለዚህ የሦስቱንም ልጆች የልደት ምስክር ወረቀት ካሁኑ ያውጡ፤ መረጃ ሰብሳቢው ቤትዎ ሲመጣም የሞላውን እንዲያነብልዎ ይጠይቁ፤ ይህን መጠየቅ መብትዎ ነው።

እርስዎ ተከራይ ከሆኑ ደግሞ ከዚህ የሚከብድ ችግር አለ። የተጠቃሚዎች ልየታ የሚካሄደው በቀበሌ ነዋሪነት ስለሆነ፣ ኪራይ በጨመረ ቁጥር ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው የምትዘዋወር እናት የትኛውም ቀበሌ የእኔ ናት አይላትም። በእኔ እምነት የዚህ ከተማ ድሆች በብዛት የሚወድቁት እዚህ ክፍተት ላይ ነው፤ ድህነቱ የባሰባቸው እነርሱ ሆነው ሳሉ ከዝርዝሩ መቅረታቸው እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። የነዋሪነት መታወቂያዎ የድሮው ቀበሌ ከሆነ መሸኛ አውጥተው አሁን ወደሚኖሩበት ያዛውሩት።

ምልመላ በየጊዜው አይካሄድም፤ ስለሆነም ቀበሌው መቼ አዲስ ተጠቃሚ እንደሚቀበል አስቀድመው ይጠይቁ። የተመረጡት ስም ለሕዝብ ይፋ ሲሆን ተገቢ ያልሆነ ውሳኔ ካዩ ለቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ የቃል አቤቱታ ይረሳል።

እስከዚያው ድረስ በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መክፈል ከማይችሉት ወገን መመዝገብ ይችሉ እንደሆነ እዚያው ቀበሌ ይጠይቁ። መድኑ በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከጣና ምሥራቅ ያለችው ፎገራ አንዷ ነበረች፤ መዋጮ መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦች በመንግሥት ወጪ የሚታቀፉበት መንገድም አለው። ልጅ ታሞ ለካርድና ለመድኃኒት ከመበደር ያድናል።