በቆሎው ላይ ያለው ነጭ ነገር እንቁላል ነው?

ጥያቄ፦ ሰቃ ጨቆርሳ ወረዳ ግማሽ ሄክታር በቆሎ አለኝ። ጉልበት ሲደርስ ተምች ገባበት። አንድ የሟሸሸ ተምች አጠገብ የሩዝ ፍሬ የምታህል ነጭ ነገር አይቼ እንቁላል መስሎኝ ጨፈለቅኋት። ጎረቤቴ መድኃኒት ረጭቷል፤ እኔስ ተበድሬ ልግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለብድሩ አይቸኩሉ። የጨፈለቋት ነገር የተምች እንቁላል አይደለችም። ኮቴሲያ የምትባል ትንሽ ተርብ እንቁላሏን ተምቹ ሰውነት ውስጥ ትጥላለች፤ ልጇ ከውስጥ እየበላች ታድግና ወጥታ ቅጠሉ ላይ ነጭ ድር ትጠቀለልበታለች። ተምቹ የሟሸሸው ለዚህ ነው። የተምች እንቁላል ግን መቶና ከዚያ በላይ ሆኖ ተጣብቆ፣ ግራጫ ጸጉር ለብሶ ነው የሚገኘው። እሱን ያለ ርኅራኄ ይጨፍልቁት።

ይህ የአሜሪካ መጤ ተምች አገራችን የገባው በ2009 ዓ.ም. ነው። ተርቧ ግን የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጅ ናት። ብዙም ሳይቆይ በተደረገ አሰሳ፣ በአንዳንድ ቦታ ከተሰበሰበው ተምች ሲሶው በእሷ ተይዞ ተገኝቷል። ደመወዝ አትጠይቅም።

ስለዚህ ከመርጨትዎ በፊት ይቁጠሩ። ማሳው ውስጥ በአምስት ቦታ ሃያ ሃያ አገዳ ይዩ። እምብርቱ (አዲስ ቅጠል የሚወጣበት መሃሉ) ላይ አዲስ ቁስልና እርጥብ ኩስ ያለው ከመቶው 20 ካልደረሰ፣ የመድኃኒቱ ወጪ ከጥቅሙ ይበልጣል። ሁሉን ገዳይ መድኃኒት እምብርት ውስጥ የተደበቀውን ተምች ይስተውና ሜዳ ላይ የምትበረውን ተርብ ያገኛታል። በቆሎው ሲያብብ ከረጩ ደግሞ ንቦቹም አይተርፉም፤ ቀፎ ላለው የጅማ ገበሬ ይህ ከበቆሎው ሌላ ኪሳራ ነው።

ተርቧ ብቻዋን ማሳ ታጸዳለች ግን አልልም። የተያዘ ተምችም ወዲያው አይሞትም፤ መብላቱን ይቀንሳል እንጂ። ቁጥሩ ከ20 ካለፈ በእጅ ይልቀሙ፤ ካልበቃ ከልማት ጣቢያ ሠራተኛው ጋር ተማክረው የተመዘገበ መድኃኒት እምብርቱ ላይ ብቻ ይርጩ።

ለከርሞ በረድፉ መካከል ዴስሞዲየም የሚባል የመኖ ተክል፣ በዙሪያው ብራኪያሪያ ሣር ይትከሉ። ዴስሞዲየሙ በጠረኑ የተምቹን እናት፣ እንቁላል ጣይዋን የእሳት ራት፣ ያርቃል፤ አቀንጭራንም ይከላከላል፤ ሁለቱም ለላም መኖ ይሆናሉ። የመጀመሪያው ዓመት አረም ያደክማል፣ ዘሩም በቀላሉ አይገኝም፤ ከሩብ ማሳ ይጀምሩ። ተክሉ ለዓመታት የሚቆይ ስለሆነ፣ መሬቱን በእኩል የሚያርሱት ከሆነ አስቀድመው ከባለመሬቱ ጋር ይስማሙ።