ደምህ አልሆነም

ባለፈው ቅዳሜ የጎረቤታችን ልጅ ቡና ልትጠጣ መጣች። መምጣቷ አዲስ አይደለም። አዲሱ ነገር ስኒዋን ይዛ መምጣቷ ነው። ከቦርሳዋ አወጣችና ከረከቦቱ ጠርዝ ላይ፣ ከሌሎቹ ራቅ አድርጋ አስቀመጠቻት። ባለቤቴ እኔን አየች። እኔም እሷን አየሁ። ማንም ምንም አላለም።

ቶናው ሲቀዳ ስልኳን አቀበለችኝ።

«ጋሼ፣ ይቺን ይዩልኝ።»

ዓረብ አገር ልትሄድ ሜዲካል አድርጋ ኖሯል። «አንፊት» ብለዋታል። የወረቀቱን ፎቶ በጣቴ አስፍቼ አየሁት። ኤችቢኤስኤጂ፣ ፖዘቲቭ። የጉበት ቫይረስ ቢ ማለት ነው።

«የሰጠሽ ሰው ምን አለሽ?»

«ምንም። ‹አልሆነም› ነው ያለኝ።»

እዚያች ቃል ላይ ስኒዬን አስቀመጥኩ።

ሠላሳ አራት ዓመት ላብራቶሪ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። አዳማ ውስጥ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ስለሚባል እኔም ዶክተር ስባል ኖሬያለሁ። አይደለሁም። ሽንት፣ ሰገራና ደም ነው ስመረምር የኖርኩት። ይህንን ደብዳቤ የጀመርኩት ለልጅቷ ነበር። እሷ ናት «ስሜን ሳይጠሩ ለሌሎቹም ይጻፉት» ያለችኝ። እጅ ታጠቡ፣ ስታስነጥሱ አፋችሁን ሸፍኑ ምናምን አልልም። እሱን በኮሮና ጊዜ እስኪያንገሸግሻችሁ ሰምታችኋል። እኔ የምጽፈው «አልሆነም» ስለምትለው ቃል ነው። ምክንያቱም አንድ ጊዜ እኔም ብያታለሁ።

ነሐሴ 1989 ነው። ያኔ ከተማችንን ናዝሬት ነበር የምንላት። ባጃጅ የሚባል ነገር የለም፤ መንገዱ የጋሪ ነው። ጠዋት ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ የፈረስ ኮቴ ነበር። የባቡሩ ጡሩንባ አንዳንዴ ይቀድመዋል። ሆስፒታሉ በር ላይ ከሚቆሙት ጋሪ ነጂዎች አንዱን በደንብ አውቀዋለሁ። ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ፈረሱ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት፤ ስሙም «ቦቃ» ነው። ልጁ ራሱ ምሳ ሳይበላ ለቦቃ ፉርሽካ ይገዛል። ዝናብ ሲመጣ የለበሰውን ላስቲክ አውልቆ ፈረሱ ጀርባ ላይ ጣል ያደርጋል። ደሞዝ ሲዘገይብኝ ስንት ቀን በዱቤ አድርሶኛል።

አንድ ሌሊት እናቱን በዚያው ጋሪ አመጣት። ደም እያስመለሳት ነበር። ጋሪው ላይ የተነጠፈው ማዳበሪያ ረጥቧል። ሐኪሙ ሆዷን ዳሰሰና «ጉበት ነው» አለ። ጉበት ጠባሳ በጠባሳ ሆኖ ሲጠነክር ደሙ እንደ ልቡ አያልፍበትም። መንገድ ሲያጣ በጉሮሮ ቧንቧ ዙሪያ ባሉት ደም ሥሮች ይሄዳል። እነሱ ይወጠራሉ፣ ይወጠራሉ፣ አንድ ቀን ይፈነዳሉ። ደም ያስፈልጋታል ተባለ። በዚያን ጊዜ ደም የሚሰጠው ቤተሰብ ነው። ልጁ ከሁሉም ቀድሞ እጅጌውን ሰብስቦ ተኛ።

ደሙን መረመርኩት። ዓይነቱ ከእናቱ ጋር ይሄዳል። ኤች አይ ቪ የለበትም። የጉበቱን ኪት አነሳሁ፣ ሴረሙን ጠብ አደረግኩና ሰዓቴን አየሁ። አንዷ መስመር ወጣች። ጥቂት ቆይታ ሁለተኛዋ፣ ሳሳ ያለች ሮዝ መስመር፣ ከጎኗ ብቅ አለች። ፖዘቲቭ። እኛ የተማርንባቸው መጻሕፍት ይህንን ነገር «የአውስትራሊያ አንቲጅን» ነበር የሚሉት። ብሉምበርግ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የሰዎች ደም በምን እንደሚለያይ ሲያጠና በአንድ የአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ ተወላጅ ደም ውስጥ አገኘው፤ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1976 ኖቤል ተሸለመ። ተማሪ ሳለሁ ስሙን ስሰማ የሩቅ አገር ሰው በሽታ ይመስለኝ ነበር። በራችን ላይ ፉርሽካ የሚገዛ ልጅ ደም ውስጥ ሲወጣ ግን ብዙም አልደነቀኝም። መዝገቡ ላይ በቀይ እስክሪፕቶ ጻፍኩ። የደሙን ከረጢት ከሚቃጠለው ጋር ለየሁት።

የላብራቶሪው መስኮት ብረት የተገጠመለት ጠባብ ነገር ነበር። ሰው ጎንበስ ብሎ ነው የሚያናግረን። ልጁ ጎንበስ አለ።

«ዶክተር፣ ደሜ ደረሰላት?»

«ያንተ ደም አልሆነም። ሌላ ሰው አምጣ።»

«ምን ሆኖ?»

«አልሆነም አልኩህ እኮ! ቶሎ በል።»

እጅጌውን ወደ ታች መለሰ። ቁልፏን ሁለት ጊዜ ሳታት። ከዚያ ሮጠ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አራት ጋሪ ነጂ ይዞ መጣ፤ የሁለቱ ደም ሆነ። እናትየዋ ያን ጊዜ ተረፈች። መስቀልን ግን አላየችም። ለቅሶ ደረስኩ። ድንኳኑ ውስጥ ልጁ አጠገብ ተቀምጬ ንፍሮ በላሁ። ያኔም አልነገርኩትም።

ምክንያት ሞልቶኝ ነበር። ለደም ሰጪ ውጤት መንገር አልተለመደም። መድኃኒት የለም። ቢያውቅ ምን ያደርግለታል እል ነበር። እውነቱን ካላችሁ ግን ሰልፉ ረጅም ነበር፤ እኔም ደክሞኝ ነበር። እስካሁን የሚከነክነኝ ሌላው ነገር ነው። የእናቲቱ ጉበት መጠንከሩን ሰምቻለሁ። የልጇን ውጤት በገዛ እጄ ጽፌያለሁ። ሁለቱን አላገናኘሁም። ቢ ቫይረስ ከእናት ወደ ልጅ የሚያልፈው በአብዛኛው በወሊድ ጊዜ ነው። ልጁ ሦስት ታናናሾች ነበሩት። ለቅሶው ቀን ድንኳኑ በር ላይ አፈር ሲጫወቱ አይቻቸዋለሁ።

ከዚያ ጋሪውን ሸጦ ከተማ ለቀቀ ሲባል ሰማሁ። ጋሪ ነጂ ይመጣል፣ ይሄዳል። ረሳሁት።

በ2004 ሌላ ለቅሶ ቤት ውስጥ አንድ ጋቢ የለበሰ ሰው መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ፊቱ ከስቶ ጉንጩ ገብቷል። ጋቢው ሥር ግን ሆዱ ተነፍቷል። እግሩ አብጦ የጫማውን ማሰሪያ ፈቶታል።

«‹ደምህ አልሆነም› ያሉኝ እርስዎ ነዎት አይደል?»

አላወቅኩትም። «ቦቃ» ሲለኝ ነው ያወቅኩት።

ነገሩን ድምፁን ሳያነሳ ነገረኝ። ያን ሌሊት «አልሆነም» ስለው ኤድስ ነው ብሎ ተረዳ። በ1989 ሰው ሌላ ምን ይረዳል? እጮኛ ነበረችው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀለበት ታስሮ፣ የቀረው ድግሱ ብቻ ነበር። ምክንያቱን ሳይነግራት ተዋት። ቤተሰቦቿ ተቀየሙ፤ እሷንም ለሌላ ዳሯት። እሱ ቦቃን ሸጠና ወንጂ ሸንኮራ ቆረጣ ገባ። በየዓመቱ «ዘንድሮ ነው የምሞተው» እያለ ሠራ። አልሞተም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መስጠት ሲጀመር ጓደኞቹ ሄደው ተመረመሩ። እሱ አልሄደም። የተነገረኝን ነገር ምን ብዬ ደግሜ ልስማ አለ።

«ለምን መጥተህ አልጠየቅከኝም?» አልኩት። ስናገረው ራሱ አፈርኩ።

«ጠይቄዎታለሁ እኮ። ‹ቶሎ በል› አሉኝ።»

በማግስቱ ደሙን ራሴ ቀዳሁ። በሩን ዘግቼ ሁለቱንም ውጤት ነገርኩት። ኤች አይ ቪ የለብህም ስለው ሳቀ። ሳቁ አልቆም አለ። የጉበቱን ስነግረው የሰማኝም አይመስለኝም። ወደ ውጭ ስንወጣ ብቻ በሩ ላይ ቆም ብሎ «ታዲያ እሷን ለምን ተውኳት?» አለ። እኔን አልነበረም የሚጠይቀው። በዓመቱ ሰኔ ላይ ሞተ። ታናናሾቹን ፈልጌ አስመረመርኳቸው። ከሦስቱ ሁለቱ ቫይረሱ አለባቸው። ሦስተኛዋን አስከተብናት። የሁለቱ ጉበት ገና ደህና ነው፤ ክትትል ላይ ናቸው። አንዱ ዛሬ ባጃጅ ይነዳል። ሲያየኝ ያቆማል፤ ሂሳብ አይቀበለኝም። ስለዚህ በሌላ ባጃጅ ነው የምሄደው።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ያለው ለልጅቷ የነገርኳት ነው። ስኒውን መልሺ አልኳት። ይህ ቫይረስ በስኒ፣ በጉርሻ፣ በመጨባበጥ፣ ጉንጭ በመሳሳም አይተላለፍም። በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና ከእናት ወደ ልጅ ነው። ግን ደም ስል ዓይን የሚሞላ ደም አይምሰላችሁ። ምላጭ ላይ፣ የጥፍር መቁረጫ ላይ፣ የጆሮ መብሻ መርፌ ላይ የቀረች የማትታይ ጠብታ ይበቃል። ደርቃ እንኳ ቢያንስ ሰባት ቀን ትቆያለች። ፀጉር ቤት ስትገቡ ቶንዶሱ በምን እንደተጸዳ ጠይቁ። ምላጩ ፊታችሁ ይከፈት። የዛሬ ልጆች ጫማ ለመግዛት አሥር ሱቅ ትዞራላችሁ፤ አንገታችሁ ላይ ምላጭ ለሚያሳርፍ ሰው ግን አንድ ጥያቄ የላችሁም። የደም ውጤት ስትቀበሉም እንደዚያው። በእርግጥ እኛም አንጠይቅም ነበር። የጠየቀውንም ምን እንዳልኩት ነግሬያችኋለሁ።

ልጅቷ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። የቢ ቫይረስ ክትባት በአገራችን ከመደበኛው የሕፃናት ክትባት ጋር የገባው በ1999 ነው፤ በስድስት፣ በአሥርና በአሥራ አራት ሳምንት የሚሰጠው መርፌ ውስጥ አለ። እሷ አልደረሰችበትም። ከዚያ በፊት የተወለዳችሁ ሁሉ አልደረሳችሁበትም። ተመርመሩ። ከሌለባችሁ ሦስት መርፌ ነው፤ አንዱ ዛሬ፣ አንዱ በወሩ፣ አንዱ በስድስተኛው ወር። ካለባችሁ ክትባቱ አይጠቅማችሁም፤ ገንዘባችሁን አትጨርሱ።

ፖዘቲቭ ማለት ደግሞ ሞት ማለት አይደለም። ጎልማሳ ሆኖ ከተያዘ ሰው አብዛኛው በራሱ ያጠፋዋል፤ ከመቶ አምስት የማይሞላው ላይ ነው የሚቀረው። በሕፃንነት የተያዘ ላይ ግን ከመቶ ዘጠናው ይቀርበታል። ለዚህ ነው ምርመራው ከስድስት ወር በኋላ የሚደገመው። ከቀረ የቫይረሱ መጠን፣ የጉበት ኢንዛይምና አልትራሳውንድ ይታያል። ሁሉም ሰው መድኃኒት አያስፈልገውም። ለሚያስፈልገው ቴኖፎቪር የሚባል በቀን አንድ የሚዋጥ ኪኒን አለ፤ አያጠፋውም፣ ያስተኛዋል። የሚፈራው ሳያውቁ ሃያና ሠላሳ ዓመት መቆየቱ ነው። ጉበት ዝምተኛ ነው፤ ሲናገር ወይ ጠንክሯል ወይ ካንሰር ሆኗል። መጠጥ ደግሞ ይቅር። «አንድ ድራፍት ብቻ» የምትሉትም ያው ነው።

ስልክ ላይ «የጉበት ቫይረስን በ21 ቀን» እያለ ቅጠል የሚሸጠውን ሰውዬ አሳየችኝ። ግራ እጄን ገልጬ አሳየኋት። ክርኔ አጠገብ ሳንቲም የሚያህል ጠባሳ አለ። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ዓይኔ ቢጫ ሆነ። አያቴ የወፍ በሽታ ነው፣ ወፍ በላዩ አልፋ ነው አለች። ባለመድኃኒት ዘንድ ተወሰድኩና በእሳት ተተኮስኩ። ዳንኩ! ባለመድኃኒቱ በግ ተሰጠው። አሁን ሳስበው የያዘኝ በውኃና በምግብ የሚመጣው ኤ ቫይረስ ሳይሆን አይቀርም። እሱ በልጅ ላይ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይለቃል፤ ሥር የሰደደም አይሆንም። በሽታው በራሱ ሄደ፣ በጉን ሌላ ሰው በላ። የስልኩም ሰውዬ የሚኖረው በዚህ ነው። ውጤታችሁን ስልክ ላይ አትተርጉሙ። እኔ ራሴ ማብራሪያውን በቴሌግራም በድምፅ እንደላክሁላት ባለቤቴ ታስታውሰኛለች። እሱ ሌላ ነው።

አንድ ነገር ግን ቀረኝ። እናቷ መመርመር አለባት። ወንድሞቿም። ይህንን ለልጅቷ ለመንገር አቦሉም ቶናውም አልፎ በረካው መጣ። ሁሉን በግልጽ መናገር ነው ስል የዋልኩ ሰውዬ ቡናዬ እስኪቀዘቅዝ አማሰልኩ። እናትን «ከአንቺ ተይዛ ሊሆን ይችላል» ማለት በመስኮት ከመጮህ ይከብዳል። በመጨረሻ ልጅቷ ራሷ ገባት። «ሰኞ ይዣት ልምጣ?» አለችኝ።

ስኒዋን ረስታት ሄደች። ባለቤቴ ከእኛዎቹ ጋር አጥባ ደረደረቻት፤ ሁሉም ነጭ ናቸው፣ አይለዩም። ዛሬ እሑድ ነው። ለእናቷ ከየት እንደምጀምር ወረቀት ላይ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰርዤዋለሁ።