«ውስጡን አፍርሱት» ያለውን ሻጭ ማመን ይቻላል? በሜክሲኮ ሲቲ አሮጌ ቤት ለሚገዙ

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ ነው፤ ባለቤቴ ሜክሲኳዊት ናት። በሜክሲኮ ሲቲ ታሪካዊ መሃል ከተማ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ቤት ለመግዛት ቀብድ ክፈሉ ተብለናል። ሻጩ «የመንገድ ፊቱን ካልነካችሁ ውስጡን አፍርሳችሁ አፓርታማ ብትሠሩ የሚጠይቃችሁ የለም» ይላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ቀብዱንም ለጊዜው አይክፈሉ።

እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የፌዴራል የቅርስ ሕግ ከ16ኛው እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ ጉልህ የግል ሕንፃዎችንም ይጠብቃል። የሚጠበቀው ሕንፃው ነው፤ ውስጠኛው ግቢ፣ ደረጃውና የጣሪያው ወራጅ እንጨት ጭምር። ቤቱ በቅርስ መዝገብ ላይ ባይገኝ እንኳ ሚያዝያ 1980 (እ.ኤ.አ.) የታወጀው የመሃል ከተማው የቅርስ ቀጠና 9.1 ስኩዌር ኪሎ ሜትር፣ 668 ብሎክ ይሸፍናል። በዚያ ውስጥ ለሚደረግ ሥራ የብሔራዊ የአንትሮፖሎጂና የታሪክ ተቋም (ኢናህ) ፈቃድ ግዴታ ነው። ቤቱ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሆኖ ከተገኘ ብሔራዊው የሥነ ጥበብ ተቋም፣ ኢንባልም፣ ሊገባበት ይችላል። ስለዚህ አስቀድመው ቤቱ የተሠራበትን ዘመን ያጣሩ።

ያለ ፈቃድ ከጀመሩ ሥራው ይታገዳል፤ የሠሩትን አፍርሰው የነበረውን በራስዎ ወጪ እንዲመልሱ ሊታዘዙ ይችላሉ። ባለቤቱ፣ ሥራውን ያዘዘውና የመራው በአንድነት ይጠየቃሉ። ቅርስ ያጠፋ ደግሞ ከ3 እስከ 10 ዓመት እስራትና እስከ ጉዳቱ ዋጋ የሚደርስ መቀጮ ይጠብቀዋል። «ሻጩ ነግሮኝ ነው» ማለት አያድንም።

ሕጉ ባይኖርም ምክሩ አደገኛ ነው። በእነዚህ ቤቶች ወለሉንና ጣሪያውን የሚሸከመው አብዛኛውን ጊዜ ወፍራሙ የውስጥ ግድግዳ ነው፤ ከተማው የተሠራው ደግሞ በደረቀ ሐይቅ ለስላሳ ሸክላ ላይ ነው። ግድግዳው ሲወጣ ጭነቱ ይዛባል፣ የጎረቤት ግድግዳ ይሰነጠቃል። ሕጉ ከቅርስ ጎን የሚቆፍረውንና የሚያፈርሰውንም ፈቃድ አምጣ የሚለው ለዚህ ነው። ጥገናው ላይ ለተሶንትሌ (ቀዩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) የሲሚንቶ ልስን እንዳይፈቅዱ፤ እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል፣ ጨው ድንጋዩን ይልጠዋል። የኖራ ልስን ይጠይቁ።

እንግዲህ ከቀብዱ በፊት ሦስት ወረቀት ይዩ፦ ቤቱ ከዕዳና ከእግድ ነፃ መሆኑን የሚያሳይ የንብረት መዝገብ ማስረጃ፣ የመሬት አጠቃቀም ምስክር ወረቀት፣ ቤቱ በኢናህ ዘንድ ስላለበት ሁኔታ የተሰጠ ጽሑፍ። ሦስተኛውን ሻጮች «አያስፈልግም» ይላሉ፤ በእኔ እምነት ዋናው እሱ ነው። ሽያጩ በኖታሪዮ (ውል የሚያረጋግጥ፣ መንግሥት የሾመው የሕግ ባለሙያ) ፊት ሲፈረም ሻጩ ቤቱ ቅርስ መሆን አለመሆኑን እውነቱን ለመናገር ምሎ ማሳወቅ አለበት። እርስዎ የውጭ ዜጋ ስለሆኑ በስምዎ እንዲገባ ከፈለጉ ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ጋር «በዚህ ንብረት የአገሬን መንግሥት ጥበቃ አልጠይቅም» የሚል ስምምነት ይፈርማሉ። ባንክ በአደራ የሚይዝበት አሠራር የባሕር ዳርና የድንበር አካባቢ ነው፤ ሜክሲኮ ሲቲን አይመለከትም።

የኢናህ ፈቃድ የከተማውን አይተካም። የፌዴራሉን ከያዙ በኋላም የከተማውን የፕላን መሥሪያ ቤትና የክፍለ ከተማውን (አልካልዲያ) የግንባታ ሰነድ ፈቃድ ባለው የግንባታ ኃላፊ ፊርማ ማሟላት አለብዎት። የኢናህን ፈቃድ ብቻ ይዘው መዶሻ ያነሡ ሰዎች ሥራቸው ሲታሸግ ይገረማሉ።

ቤቱን በደንብ ጠብቀው ከያዙት ሕጉ ከንብረት ግብር ነፃ የመሆን ጥያቄ እንዲያቀርቡ ይፈቅዳል፤ ለዚህ የተቋሙ የቴክኒክ አስተያየት ያስፈልጋል፣ ማመልከቻውንም ማስገባት ያለብዎት ራስዎ ነዎት።